ኪራይ ያስበለጠ ሳይሆን የገጽ ዋጋ ያሳነሰ ያሸንፍ

በፈተና ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ያለ ነጋዴ የዚህን ገበያ ጠባይ ለማወቅ ሌላ ጥናት አያስፈልገውም። ደብተሩን ብብቱ ውስጥ የሸጎጠ ተማሪ፣ ፍላሽ በአንገቱ ያንጠለጠለ የኮሌጅ ልጅ፣ ለምሳ ወጥታ የልጇን ዎርክሺት ከቴሌግራም ልታሳትም የመጣች እናት፣ ሁሉም በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ማሽን ፊት ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የሚያስተናግደው ልጅ አንድ ነው። ፋይሉን እሱ ይከፍታል፣ ገጹን እሱ ይቆጥራል፣ የታመመውን ፍላሽ እሱ ያክማል፣ ሒሳቡንም እሱ ይቀበላል። መብራት ከሄደ ደግሞ ሰልፉ በሙሉ ወደ ሚቀጥለው ሰፈር ይሰደዳል።

ይህ ሁሉ ግፊያ የሚካሄደው ለሁለትና ለሦስት ገጽ ወረቀት ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለው ግቢ ውስጥ ግን ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ጠረጴዛ፣ ወንበርና የኤሌክትሪክ መስመር አለው፤ ቀኑን ሙሉ የሚውል ሠራተኛም ተመድቦለታል። ተማሪው የሚያነበውን ራሱ የሚያትምበት አንድ ማሽን በዚያ ጥግ ላይ ቢቀመጥ ምን ይቸግራል? የሚል ጥያቄ በወላጆችም በነጋዴዎችም ዘንድ ይነሳል። የሚቸግረው ማሽኑ አይደለም፤ ማሽን ገበያ ላይ ሞልቷል። የሚቸግረው ያ ጥግ ለማን፣ በምን መለኪያ ይሰጥ የሚለው ነው። መለኪያው ከተበላሸ ተማሪው ከግቢ ውጪ ከሚከፍለው የበለጠ በግቢው ውስጥ ይከፍላል፤ ባለ ማሽኑም ቢሆን አይጠቀምም።

ፍላጎቱ ከየት መጣ?

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የተማሪ ጽሑፍ ከመምህሩ እጅ የሚወጣው በወረቀት ነበር። ከዚያም በፊት በየትምህርት ቤቱ ማባዣ ክፍል የሚባል ነበረ፤ ስቴንስል ይመታል፣ ቀለም ይቀባል፣ እጀታው ይዞራል፣ የፈተናው ወረቀት ገና ሽታው ሳይለቅ ለክፍሉ ይታደላል። አሁን ጽሑፉ የሚመጣው በስልክ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በርካታ የከተማ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱንና መልመጃውን ወደ ቴሌግራም አዞሩት፤ በሩ ሲከፈት ግን ልማዱ አልተመለሰም። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ብዙዎቹ የመማሪያ መጻሕፍት ታትመው ለሁሉም ከመድረሳቸው በፊት በፒዲኤፍ ተሰራጩ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተጀመረ። የአራትና የአምስት ዓመት ትምህርት በአንድ ፈተና የሚጠየቅ ተማሪ የድሮ ሀንድአውቱን ሁሉ መልሶ መፈለጉ የማይቀር ነው።

በአጭሩ የማሳተሙ ወጪ ከትምህርት ቤቱ ወደ ወላጁ ኪስ ተሻግሯል። ድሮ ትምህርት ቤቱ አባዝቶ የሚሰጠውን ዛሬ ወላጁ በገጽ እየከፈለ ያሳትማል። ይህ በማንም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ፣ ነገር ግን በየወሩ የሚከፈል ወጪ ነው። ስልክ ላይ አንብቡት የሚል መልስ ይሰጣል። ሦስት ልጆች በአንዲት የእናት ስልክ እየተሻሙ የፊዚክስ መልመጃ የሚሠሩበት ቤት ብዙ በመሆኑ መልሱ መልስ አይሆንም። በዚያ ላይ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ስልክ ይዞ ግቢ መግባት አይፈቀድለትም።

ገጽ የሸጠ እንጂ ማሽን የሸጠ አልከበረም

አሜሪካዊው የዜሮክስ ኩባንያ 914 የተባለውን የመጀመሪያ የቢሮ ፎቶ ኮፒ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ ሲያደርግ ዕቃው ወደ 300 ኪሎ ግራም የሚጠጋ፣ የመሸጫ ዋጋውም 30 ሺህ ዶላር የሚደርስ ነበር። ያንን ገንዘብ አውጥቶ የማያውቀውን ዕቃ የሚገዛ ቢሮ እንደማይበዛ የኩባንያው ሰዎች ያውቁ ነበር። ስለዚህ በወር 95 ዶላር አከራዩት። በወር እስከ 2,000 ቅጂ በኪራዩ ውስጥ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው በማሽኑ ቆጣሪ እየታየ በቅጂ ጥቂት ሳንቲም ይከፈላል። ኩባንያውን ያከበረው ያ ቆጣሪ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያለው የማተሚያና የማባዣ ንግድ ሁሉ በዚሁ መንገድ ሲሄድ ኖሯል፤ ማሽኑ ማጥመጃ ነው፣ ገንዘቡ ያለው ከገጹ ላይ ነው።

ራስን በራስ የማስተናገዱ ሥራም ከዚሁ የተወለደ ነው። ሳንቲም የሚጎርስ ፎቶ ኮፒ ማሽን በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ቆሟል። በጃፓን የሰፈር ሱቆች ውስጥ ዛሬም ደምበኛው ከመደርደሪያው ጎን ባለው ማሽን 10 የን እየከተተ ራሱ ያባዛል፤ ባለ ሱቁ ዞር ብሎም አያየው። በአውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ የሜልቦርን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በዘፈቀደ እያተሙ ወረቀት ስለጨረሱ የተሠራ ፔፐርከት የሚባል ፕሮግራም፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዩኒቨርሲቲዎችና በመሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት ሆኗል። ፕሮግራሙ የሚያደርገው ቀላል ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሒሳብ ይከፍታል፤ ያተመውን ከሒሳቡ ይቀንሳል፤ ከተፈለገም ተማሪው ማሽኑ ዘንድ መጥቶ «ይውጣ» እስካላለ ድረስ ወረቀቱን አያወጣም።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ለነጋዴው ግን ዋናዋ እሷ ናት። ብዙ ሰው ራስን በራስ የማስተናገድ ጥቅሙ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ማስቀረቱ ይመስለዋል። እዚህ አገር ግን የአንድ ኮፒ ልጅ ደመወዝ የሥራው ትልቁ ወጪ አይደለም። ትልቁ ወጪ ወረቀቱና ቶነሩ ነው፤ ከእነሱም ውስጥ የሚያስቆጨው በስህተት ወጥቶ የሚጣለው ነው። «ወንድም፣ እኔ እኮ ከገጽ 4 እስከ 7 ነው ያልኩህ!» የሚለው ክርክር በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ባለቤቶቹ ያውቁታል። የተጣለው ገጽ ዋጋ የሚወራረደው በሚቀጥለው ደምበኛ ላይ ነው። ተማሪው ራሱ ገጹን መርጦ፣ ራሱ ዋጋውን አይቶ፣ ራሱ ቁልፉን ከተጫነ ግን ስህተቱም የራሱ ነው፤ ስለዚህም ይጠነቀቃል።

የወረቀቱ ሒሳብ

አንድ ኤ4 ቅጠል የአንድ ካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው የተለመደው ወረቀት እንግዲህ በቅጠል 5 ግራም ይመጣል፤ ባለ 500 ቅጠሉ ደስጣ 2 ኪሎ ተኩል፣ አምስት ደስጣ የሚይዘው ካርቶን 12 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። የመርካቶ ወረቀት ነጋዴ ይህን ያለ ሚዛን በእጁ ያውቀዋል፤ አንዳንዱ ደስጣ 80 ግራም ተብሎ ተጽፎበት ከዚያ በታች የሚመዝነውም ለዚህ ነው የሚጋለጠው።

ለስሌት ያህል 1,000 ተማሪዎች ያሉት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይወሰድ። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት 5 ገጽ ብቻ ቢያትም በ36 የትምህርት ሳምንታት ድምሩ 180,000 ገጽ ይሆናል። በአንድ ፊት ብቻ ከታተመ 360 ደስጣ፣ ማለትም 900 ኪሎ ወረቀት ይፈጃል። ማሽኑ በሁለቱም ፊት የሚያትም ከሆነ ግማሹ ይበቃል። አንድ ደስጣ 700 ብር ተገዛ ቢባል የአንድ ቅጠል ዋጋ 1 ብር ከ40 ሳንቲም ነው፤ በሁለት ፊት ሲታተም ገጹ 70 ሳንቲም ይሆናል። ስለዚህ በሁለት ፊት የማያትም ማሽን በርካሽ አግኝቻለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ለወረቀት ነጋዴው ቀስ እያለ ይከፍላል።

የቶነሩም ነገር እንዲሁ ነው። በየቢሮው የሚታየው 85ኤ የሚባለው የኤችፒ ካርትሪጅ አምራቹ እንደሚለው 1,600 ገጽ ያህል ያትማል፤ ያውም ቀለሙ ከገጹ 5 በመቶ ብቻ ሲሸፍን ነው። ሥዕልና ግራፍ የበዛበት የባዮሎጂ ወረቀት ከዚያ ይበልጣል። ለተባለው 180,000 ገጽ ከ110 በላይ ካርትሪጅ ይጠይቃል ማለት ነው። በአንጻሩ የካነን ኢሜጅ ራነር 2520 ዓይነት የቢሮ ማሽን አንድ ቶነር ወደ 14,600 ገጽ ስለሚያደርስ በ13 ያህል ዓመቱን ይወጣዋል። ትንሿ ማሽን የምትረክሰው ስትገዛ ብቻ ነው። እርግጥ ገበያው ቶነር በመሙላት ይህን ችግር በራሱ ዘዴ ፈትቶታል፤ ዱቄቱ ይሞላል፣ ካርትሪጁ ይመለሳል። አሞላሉ ሲበላሽ ግን ገጹ ጭረት ያወጣል፣ ከበሮው ይጫራል፣ ጥቁሩ ዱቄትም በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ይረግፋል። ጥላሸት የሚተፋ ማሽን በማንበቢያ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሳምንት እንኳ አይታገሡትም።

መብራትም አለ። የሌዘር ማሽን ቶነሩን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀው በሙቀት ስለሆነ ሲነሳ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ለኮምፒውተር የተገዛች ትንሽ ዩፒኤስ አትሸከመውም፤ አምራቾቹም አያይዙት አይሉም። በታንክ ቀለም የሚሞሉት እንደ ኤፕሰን ያሉት ማሽኖች ግን የሚስቡት ኃይል ከአምፖል ብዙም አይበልጥም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር አንዱን ትልቅ ሌዘር ለሥራው ዋና አድርጎ አንዷን ባለ ታንክ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ያገለገለ ትልቅ ማሽን የሚገዛም ቢሆን ከሻጩ አፍ ይልቅ ቆጣሪውን ይመን፤ ማሽኑ ከተሠራ ጀምሮ ያወጣውን ገጽ ብዛት ራሱ አትሞ ይሰጣል። «ከኤምባሲ የወጣ ነው» የሚለው የደላላ ወሬ በመኪና ብቻ ሳይሆን በኮፒ ማሽንም ላይ ገብቷል።

ጨረታው ላይ ነው ነገሩ

ትምህርት ቤቶች እስካሁን በዚህ ሥራ ላይ የሚሄዱባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አያወጡም።

አንደኛው ራሳቸው ማሽን መግዛት ነው። የወላጅ ኮሚቴ ገንዘብ ያዋጣል፣ ወይም የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር በስጦታ ያመጣል፣ ይመረቃል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል። የመጀመሪያው ቶነር ሲያልቅ ግን የሚገዛበት በጀት የለም። ለተማሪ በነፃ የተሰጠው ለመምህሩም ለአስተዳደሩም በነፃ ይሆናል፤ በነፃ የሆነ ነገር ደግሞ ጠባቂ የለውም። ከዓመት በኋላ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ይቆማል፣ የአበባ ማስቀመጫም ይሆናል። ይህን ያላየ የትምህርት ቤት ሰው ካለ ዕድለኛ ነው።

ሁለተኛው ጥጉን ለግል ነጋዴ ማከራየት ነው። ይኼኛው የተሻለ ነው፤ ሆኖም የሚከራየው እንደ ሻይ ቤቱና እንደ ሱቁ በከፍተኛ ኪራይ ጨረታ ነው። ብዙ ኪራይ ያቀረበ ያሸንፋል። ለትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሹም ይህ የማያስጠይቅ፣ ለኦዲተርም የሚያስረዳ ቀጥተኛ አሠራር ነው። ተማሪው ግን የት አለ? ቀድሞ የተወሰደው ምሳሌ ይቀጥል፤ 180,000ው ገጽ ለ9 ወር ሲካፈል በወር 20,000 ገጽ ነው። ያሸነፈው ነጋዴ በወር 20,000 ብር ኪራይ የሚከፍል ከሆነ ወረቀቱንም ቶነሩንም ሳያነሳ ገና እያንዳንዱ ገጽ 1 ብር ዕዳ ይዞ ይወለዳል። በ5,000 ብር ቢከራይ ዕዳው 25 ሳንቲም ይሆን ነበር። ልዩነቱ 75 ሳንቲም ነው፤ የሚከፍለውም ነጋዴው አይደለም፣ ተማሪው ነው። ትምህርት ቤቱ በአንድ እጁ የተቀበለውን ኪራይ በሌላው እጁ ከተማሪዎቹ ደብተር መግዣ ላይ የወሰደው መሆኑ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይታይም።

ነጋዴውም ቢሆን አያተርፍም። ገጹ ሲወደድ ተማሪው በሩን አልፎ ወደ ማዶው ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። የታሰበው 20,000 ገጽ ወደ 8,000 ሲወርድ ኪራዩ ግን አይወርድም። ያን ጊዜ ባለ ማሽኑ በሁለት ነገር ይተነፍሳል። ወይ ቀጭን ወረቀትና ውሃ ያለበት የሚመስል ቶነር ያስገባል፣ ወይ ዓመቱ ሳያልቅ ማሽኑን ጭኖ ይሄዳል።

መፍትሔው ጨረታውን መገልበጥ ነው። ኪራዩ አስቀድሞ በትንሽ ቁርጥ ዋጋ ይወሰን፤ መብራቱን የሚሸፍን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ተጨማሪ ድካም የሚክስ ያህል ይሁን። ተጫራቾቹ የሚወዳደሩት ግን አንድን ገጽ ለተማሪው በስንት አትመው በሚሰጡት ላይ ይሁን። ያሸነፈው ዋጋ በማሽኑ ግንባር ላይ በትልቁ ይለጠፍ፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚመለከተው ነጋዴ ከሆነ 15 በመቶው በተለጠፈው ዋጋ ውስጥ የተካተተ ይሁን እንጂ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ የሚመጣ እንግዳ አይሁን። በየወሩ መጨረሻም የማሽኑ ቆጣሪ ታትሞ በቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ላይ ይውጣ። ሒሳብ ሹሙ «ያነሰ ኪራይ ተቀብለህ ማንን ጠቀምህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ያገኘዋል።

ውሉ ውስጥ ዕድሜው መጠቀስ አለበት። በተለመደው የአንድ ዓመት ውል የሚገባ ሰው የማሽኑን ዋጋ በአንድ ዓመት ለመመለስ ስለሚጣጣር ዋጋው ይንራል፤ ሦስት ዓመት ቢሰጠው ሸክሙ ይከፋፈልለታል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዋጋ ይጸናል ማለት ግን ሞኝነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ነበር። ቶነሩ የውጭ ነው፤ ወረቀቱም ቢሆን አንድም ራሱ አንድም ጥሬ ዕቃው ከውጭ ይመጣል። በዚያ ዓመት በቁርጥ ዋጋ የገባ ሰው ካለ በየገጹ እየከሰረ አትሟል። ስለዚህ የገጹ ዋጋ በየመንፈቁ ከአንድ ደስጣ ወረቀት የጅምላ ዋጋ ጋር እየታየ የሚስተካከልበት አንቀጽ ይኑር፤ ሲወደድ እንደሚጨምር ሁሉ ሲረክስም የሚቀንስ። በእርግጥ ሲረክስ የሚቀንሰው ነገር በዚህ አገር ብዙም አልታየም።

ማሽኑ ከቆመስ? ከሁለት የትምህርት ቀን በላይ ከቆመ ተተኪ እንዲያመጣ፣ ካላመጣ ኪራይ እየከፈለ ሳይሆን ቅጣት እየከፈለ እንዲቆይ መጻፍ ነው። የፈተና ሳምንት ላይ የቆመ ማሽን ከሌለ ማሽን ይብሳል፤ ተማሪው ታምኖበት ነው የመጣው።

ማን ይግባበት?

«ከግቢው ማዶ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች እንጀራቸው ሊቋረጥ ነው» የሚል ሥጋት መነሳቱ አይቀርም። ሥጋቱ ባዶ አይደለም። በስድስት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎና በአራት ኪሎ ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ሥራ ይኖራል። ነገር ግን ለዚህ ጨረታ ከእነሱ የተሻለ ተጫራች የለም። ማሽኑን ያውቁታል፣ ቶነር ሞይውን በስም ይጠሩታል፣ ወረቀት በዱቤ የሚሰጣቸው ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አላቸው፣ ከበሩ ማዶ ስለሆኑም ማሽኑ ሲነክስ በአምስት ደቂቃ ይደርሳሉ። ከቦሌ መጥቶ ማሽን ተክሎ የሚሄድ አስመጪ ይህን አያገኝም። የሁለትና የሦስት ገጹ ሥራ ወደ ግቢው ሲገባ ጽሕፈቱ፣ ጥረዛው፣ ላሚኔሽኑና የመመረቂያ ጽሑፉ ከማዶው ሱቅ ይቀራል፤ የተሻለ የሚያስገኘውም እሱ ነው። ለብቻው አቅም የሚያንሰው ካለ ሁለት ሦስት ሆኖ መግባት ይችላል። ደላላውም ቢሆን ለሱቅ ኪራይ ሲል ብቻ ከሚዞር ትምህርት ቤትንና ባለ ማሽንን የሚያገናኝበት አዲስ ሥራ አግኝቷል።

አከፋፈሉ ላይ ገንዘብ ከማሽን ጋር ማገናኘት አያስፈልግም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. ተጨምሯል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በእነዚህ መክፈል ይቻላል። ስልክ በማይገባበት ሁለተኛ ደረጃ ግን ወላጁ በወሩ መጀመሪያ በልጁ ስም ያስገባና ልጁ በመታወቂያ ቁጥሩ እየተጠቀመ ከሒሳቡ ይቀነስለታል። ወላጁ ስንት ገጽ እንደታተመም ያያል። ፋይሉን በፍላሽ ማምጣት ከተፈቀደ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከትምህርት ቤቱ ሌላ መስመር የተለየ ይሁን። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ዞሮ የመጣ ፍላሽ ይዞት የሚመጣውን ቫይረስ፣ ፋይሉ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጦ ያገኘ ተማሪ ይናገረው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የሚፈራው ሌላ ነው፤ የደራሲውን መብት። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰው ለግል መጠቀሚያው አንድ ቅጂ ማባዛቱን ቢፈቅድም መጽሐፍን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍል በማሽን ማባዛትን በዚያ ፈቃድ ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ ከመደርደሪያው ላይ መጽሐፍ አውርዶ ከዳር እስከ ዳር ማተም የለም፤ ምዕራፍ ለንባብ፣ የመምህሩ ጽሑፍና መንግሥት ራሱ በፒዲኤፍ የለቀቃቸው የመማሪያ መጻሕፍት ግን ከበቂ በላይ ሥራ ናቸው። በአንድ ጊዜ የሚታተመውን ገጽ መወሰን ለማሽኑ ቀላል ትእዛዝ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትልልቆቹ ማሽኖች ብዙዎቹ በሆዳቸው ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ ያነበቡት ገጽ ምስል እዚያ ሊቀር ይችላል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ የተሰረዘበትን ጊዜ የሚያስታውስ የትምህርት ቤት ሰው የሚድ ፈተናውን ተማሪው በሚጠቀምበት ማሽን አያባዛም። የፈተና ማሽኑ በተቆለፈ ክፍል፣ የተማሪው ማሽን በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ይቀመጥ። ውሉ ሲያልቅ ነጋዴው ማሽኑን ይዞ ሲወጣም ዲስኩ በትምህርት ቤቱ ሰው ፊት ይጠረግ።

ሥራው ወቅት አለው። መስከረም ላይ ጨረታ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ማሽኑን የሚያገኘው የመጀመሪያው ሚድ ካለፈ በኋላ ነው። ጨረታው ግንቦት ላይ ወጥቶ ውሉ ሰኔ ላይ ከተፈረመ ነጋዴው ክረምቱን ማሽኑን ለመፈተሽ፣ ወረቀቱንም የመስከረም ግርግር ከማስወደዱ በፊት ለማስገባት ይጠቀምበታል።